የመንበረ ዳዋ

ከየቡ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከቡናው መካከል፣ ማጭድ የማይነካው አንድ ቁራሽ ጫካ ነበር። ያገሩ ሰው «የመንበረ ዳዋ» ይለዋል። ስሙ እንኳ ለምስጋና አልወጣም። በዚያ አገር ቡናውን ዳዋ የዋጠበት ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ሰነፍ ነው፣ ወይ ወገን የለውም። መንበረ አልታመመችም፣ ስንፍናም አያውቃትም። ሦስተኛውን ግን እንጃ።

መንበረ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ በ1974 ዓ.ም. ጂማ አካባቢ ወደሚገኝ የምርምር ጣቢያ ተመደበች። ሥራዋ ለሰሚው ግራ ነው፤ የቡና ጫካ በየዓመቱ መመንጠሩ ቢቀርበት ምን ይበቅልበታል? የትኛው ተክል ቀድሞ ይመጣል፣ የትኛው የትኛውን ያስወጣል፣ ቡናውስ ይችለዋል? ይህን ለማወቅ ደግሞ ትቶ ከማየት በቀር ዘዴ የለም። የገበሬ ማኅበሩ ያንን ቁራሽ ሰጣት። እሷም በገመድ ከለለችው፤ ከግንድ እስከ ችግኝ ቁጥር የተቀረጸበት ቆርቆሮ እያሰረች በየወሩ መለካት ያዘች። ጂማ ያቆያት ይኸው ጫካ ብቻ ነበር። ጥናቱ ካለ አለች፤ ከሌለ መሥሪያ ቤቱ ወዳሻው ይልካታል።

ጂማ ከተማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር፣ ወይዘሮ ተናኘ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ማታ ማታ ራዲዮ ከፍታ ነው የምትተኛው፤ ዜናውን ፈልጋ ሳይሆን የሰው ድምፅ ፈልጋ። የእሑዱማ አይነሣ። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጎረቤቱ ሁሉ ከልጁ፣ ከባሉ፣ ከእንግዳው ጋር ነው። እሷ በሯን ዘግታ ካልሲ ትሰፋለች።

ደሬሳን ያገኘችው በሁለተኛው ዓመት፣ ከዳዋው ውስጥ ተንበርክካ ነው። ደሬሳ የየቡ ልጅ፣ የቡና ልማት ሠራተኛ ነበር። የሱ ሥራ ደግሞ ገበሬውን እየዞረ ማስመንጠር! ጎረቤቱ ሁሉ አጽድቶ ይህ ብቻ ጫካ ሆኖ ቢያገኘው ባለቤቱን ሊገሥጽ ገባ።

«ይቅርታ እህቴ፣ የዚህ ማሳ ጌታ የት ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አያፍሩም?»

«ሆን ብዬ ነው የተውኩት።»

ሆን ብሎ ዳዋ የሚያሳድግ ሰው ደሬሳ አይቶ አያውቅም፤ እስኪ ያሳዩኝ አለ። መንበረ ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ ከጣት የማትበልጥ የቀራሮ ችግኝ አሳየችው። ወፍ ዘራሽ ናት፣ ማንም አልተከላትም፤ ማጭድ ካላገኛት የልጅ ልጆቻችን ጥላዋ ሥር ይቀመጣሉ አለችው። «የልጅ ልጆቻችን» ማለቷን እሷ ልብ አላለችውም። እሱ ግን ልብ ብሏል።

ከዚያ ወዲህ የመለኪያዋ ቀን ሲደርስ ደሬሳ ከየትም ብሎ ከተፍ ይላል። ሜትሩን እሱ ይይዛል፣ እሷ ትጽፋለች። ቀኑን ሙሉ ሲያስመነጥር ውሎ እሷ ዘንድ መምጣቱን ንስሐ መግባት ነው እያለ ያስቃት ነበር። «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» መጣ። ኦሮምኛም አስተማራት፤ ስትሳሳት አይስቅባትም፣ ደግሞ ይላታል እንጂ። አንዳንዴ ከአንድ ችግኝ ላይ ሁለቱም ጎንበስ ሲሉ ትንፋሹ ጉንጯን ይነካዋል። ያኔ የምትጽፈው ቁጥር ይጠፋታል።

ታዲያ ማን ይናገር? አመሻሽ ላይ አውቶቡስ ድረስ ሲሸኛት አሁን ሊናገር ነው ብላ ልቧ ይመታል። እሱ ስለ ዝናቡ ያወራል። አይ ደሬሳ! ገበሬውን ሰብስቦ ስለ ቡና በሽታ ሲያስረዳ ግማሽ ቀን የማይበቃው ሰው፣ እሷ ፊት ሲቆም አፉ ይተሳሰራል። ዛሬ ወይ ነገ አዲስ አበባ የምትመለስ ሴት እኔን ምን ታደርገኛለች ብሎ ነው። እሷም አፍ አውጥታ አትናገር፤ ያደገችበት ቤት አይፈቅድላትም። አውቶቡሱ ይነሣል፣ እሷም እስኪሰወራት በመስኮት ታየዋለች።

በ1977 የሰፈራው ዘመቻ መጣ። ደሬሳም ሰፋሪዎቹን እንዲያግዝ ጋምቤላ ታዘዘ። በዚያን ጊዜ ትእዛዝ ሲመጣ እሺ ነው እንጂ ሌላ ቃል የለም። መኪናው ከጂማ ሲነሣ መንበረ ልትሸኘው ወጣች፤ አጠገቡ ቆማ ጠበቀች።

«ዳዋሽን ደህና ያዢው» አላት።

«አንተም ራስህን ደህና ያዝ» አለችው።

ይኸው ነው። ያን ቀን ክፍሏ ገብታ፣ ራዲዮኑንም ሳትከፍት፣ እስኪበቃት አለቀሰች። አንድ ቃል ቢናገረኝ ምን ነበረበት እያለች እሱንም ራሷንም ተቆጣች።

በክረምቱ ታይፎይድ ጣላት። ወይዘሮ ተናኘ አጥሚት እያጠጡ አስታመሟት። ከአልጋ ስትነሣ መስከረም ጠብቷል፤ ቀሚሷ ሰፍቷት፣ ሁለት ወር ያላየችውን ጫካዋን ልታይ የቡ ወረደች።

ጫካው የለም። ቡናውና ትልልቆቹ ዛፎች ብቻ ቆመዋል፤ መሬቱ ለድግስ እንደተጠረገ ግቢ ጸድቷል። ኮረሪማው፣ ሐረጉ፣ ቀራሮዋ፣ ወፍ ዘራሹ ሁሉ ተመንጥሮ ተከምሯል። ገመዱ እንኳ ተጠቅልሎ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሏል። መንበረ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

አንዲት ሴት ቅርጫት ይዘው ከቡናው መሀል ወጡ፤ የደሬሳ እናት አዴ ሶረቲ ናቸው። እስከዚያ ቀን ከሰላምታ ያለፈ አውርተው አያውቁም። ቅርጫቱን እግሯ ሥር አስቀመጡላት። ቁጥር ያለባቸውን ቆርቆሮዎች አንድም ሳያስቀሩ ለቅመው፣ ጭቃቸውን አጥበው ሞልተውበታል።

«ታመሽ እንደነበር ሰማን፣ ኢንታላ ኮ» አሏት በኦሮምኛ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሰፈሩን በደቦ ጠርቼ መነጠርንልሽ።»

መንበረ ማን አዘዛችሁ ልትል ቃሉ ጉሮሮዋ ደርሶ ነበር። «ለምን ደከሙ?» አለች እንደ ምንም።

«ባዕድ ብትሆኚ እተወው ነበር። ደሬሳ ሲሄድ፣ ስመለስ ሽማግሌ የምልክባት እሷ ናት ብሎኝ ነው የሄደው። የልጄ ሚስት ማሳ ወገን እንደሌለው ዳዋ ሲበላው ዓይኔ እያየ ልለፍ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ከሱ አፍ ልትሰማው የጠበቀችውን ቃል፣ የሦስት ዓመት ልፋቷ ድምጥማጡ በጠፋበት መሬት ላይ ከእናቱ ሰማችው። ትዘን ወይስ ትደሰት? እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አዴ ሶረቲ የደስታ እንባ መስሏቸው አጠገቧ ተቀምጠው ደረታቸው ላይ አስደገፏት። ከደብረ ብርሃን ከወጣች ወዲህ እንዲህ ያቀፋት ሰው አልነበረም።

«ጥሩ አድርገን መነጠርንልሽ?» አሏት ጥቂት ቆይተው።

«ጥሩ አድርጋችሁ ነው፣ አዴ ሶረቲ።»

ጣቢያው ውስጥ ግን ጉድ ፈላ። ኃላፊዋ ጓድ ለይኩን ክፉ ሰው አይደለም፤ ከበላይ የሚመጣ ጥያቄን ግን እንደ እሳት ይፈራል። የመንግሥትን ጥናት ማጥፋት አሻጥር ነው፣ የቆረጠውን ሰው ስም ስጪኝና የገበሬ ማኅበሩ ይሰረው አላት። ያጠፋው ሌላ ሰው ከሆነ ለሷ አዲስ መሬት ይፈለግላታል፣ ጥናቱንም እዚሁ እንደ ገና ትጀምራለች። ጥፋቱ የራሷ ከሆነ ግን ጂማ ላይ አበቃ፤ ደሬሳም ሲመለስ አያገኛትም። መንበረ ይህን ሁሉ በልቧ አወጣች አወረደች። የአዴ ሶረቲ ደረት ገና ጉንጯ ላይ ይሞቃታል።

«እኔ ነኝ ያስመነጠርኩት» አለች።

«አንቺ? ይህን ሁሉ ዓመት የለፋሽበትን?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ለይኩን ትኩሳቱ ገና አልለቀቃትም እንዴ ብሎ ትክ ብሎ አያት። አላመናትም፤ ቢሆንም ቃሏን ጻፈ።

አዲስ አበባ፣ የደረቁ ተክሎች የሚቀመጡበት መጋዘን ተመደበች። ለአዴ ሶረቲ እድገት አግኝቼ ነው ብላቸው ሄደች፤ መርቀው ሸኟት። መጋዘኑ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከወረቀት መሀል የተጣበቀ ቅጠል ታገላብጣለች። የለመለመ ነገር አይታያትም፤ የሰው ድምፅም እምብዛም አይሰማም። ከሁሉ የሚያንገበግባት ያ እድገት ያለችው ውሸት ነበር። ደሬሳ ተመልሶ ይህን ቢሰማ፣ የፈራሁት ደረሰ፣ ከተማዋን መርጣ ሄደች ይላል። ልትጽፍለት አድራሻውን አታውቅም። አንዳንድ ቀን ረስቶኛል ብላ ልቧን ታስጨክናለች፤ ግን በማግስቱ ትተወዋለች። አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ።

አንድ ከሰዓት ዘበኛው እንግዳ አለሽ ብሎ ጠራት። ደሬሳ በሩ ላይ ቆሟል። የጋምቤላ ወባ አጥንቱን ብቻ አስቀርቶታል፤ ዓይኑ ባይኖር አታውቀውም ነበር። ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«እናቴ፣ እድገት አግኝታ ሄደች አለችኝ» አለ።

«እና አመንካት?»

«አምኜ ነበር። ኋላ ማሳውን ልታሳየኝ ወሰደችኝ። መንጥረንላት ብታይ በደስታ አለቀሰች አለችኝ። ያ ዳዋ ምን እንደነበር እኔ አውቃለሁ፣ መንበረ። እግሬ ከመሬቱ አልነቀል አለኝ። አንቺ ግን ጥሩ አድርጋችሁ ነው ብለሻታል። ያኔ እንደምትወጂኝ አወቅሁ።»

መንበረ ቀና ብላ አላየችውም። «እናትህ የሠሩትን ነገርካቸው?» አለችው።

«አልነገርኳትም። ብትሰማ ከሰው ፊት አትወጣም። ግን ዕድሜ ልኬን ብቻዬን እንዴት እደብቃታለሁ?»

«ብቻህን አይደለህም» አለችው፤ እጇንም እጁ ላይ አደረገች። «አብረን እንደብቃቸዋለን።»

ሠርጉ ደብረ ብርሃን ሆነ። አዴ ሶረቲ ከየቡ ድረስ መጥተው ከሙሽራዋ ዘመዶች መሀል ተቀመጡ። ያገሬው ሰው ኦሮምኛ አይሰማምና ደሬሳ አጠገባቸው ሆኖ አስተረጎመ። ምራቴ ገና ሳትገባልኝ፣ ታማ በተኛችበት፣ ሰፈር ሰብስቤ ማሳዋን እንደ መስታወት አጽድቼላታለሁ ብለው አወሩ። ደሬሳ አንድ ቃል ሳያጎድል ተረጎመው። ሰዉም እውነት ነው ወይ በሚል ዓይን ወደ ሙሽራዋ ዞረ።

«እውነት ነው» አለች መንበረ። «እንደሳቸው ያደረገልኝ የለም።»