ሬዲዮው ክፍት ነበር

«አሁን አዙሪው!» አለ ኤሌክትሪሻኑ፣ ከዳሽቦርዱ ስር ተኝቶ።

ቁንጫ በአባቷ ሚኒባስ የሹፌር ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቁልፉን አዞረች። የማስነሻው ሞተሪኖ ተንጫጫ፤ ሞተሩ ግን አልተነሳም። እንደማይነሳም ሁሉም ያውቃል። ኤሌክትሪሻኑ ያዘዛት የሽቦዎቹን ኃይል ሊለካ ነው።

«ይሄም ደህና ነው» አለ መለኪያውን እያየ። «ያኛውም ደህና ነው። ሁሉም ደህና ነው! እንግዲህ እኔን መርምሩኝ!»

ማንም አልሳቀም። የሚኒባሱ የኋላ ወንበሮች ተነቅለው ግቢው ውስጥ ተደርድረዋል፤ ምንጣፉ አጥር ላይ ተሰጥቷል፤ ሽቦው ከየጎሬው ወጥቶ እንደ አንጀት ተዘርግቷል። አባቷ ጎማ ላይ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ያያል። ሳምንቱን ሙሉ ሲያይ ነው የከረመው።

ቁንጫ የቤት ስሟ ነው። አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ ስለማይሆንላት ታላቅ ወንድሟ ነው ያወጣላት። እሷም አልተኛችለትም፤ በያጅ ስለሆነና ፍንጣሪ ያልበሳው ሸሚዝ ስለሌለው ፍንጣሪ አለችው። ሁለቱም ስሞች ሰፈሩን አዳርሰዋል።

ሚኒባሱ የትምህርት ቤት ሕፃናትን ያመላልሳል፤ ቤቱ የሚተዳደረውም በእሱ ነው። ትምህርት ቤቱ እስከ ዛሬ ታግሷል። ነገ ሰኞ ጠዋት መኪናው በር ላይ ካልቆመ ግን ሥራውን ለሌላ ሹፌር እንደሚሰጥ ቁርጡን ነግሯቸዋል።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው እሑድ ነው። ትንንሾቹ ሕፃናት ሲሳፈሩ እግራቸው ስለማይደርስ የእነ ቁንጫ አባት እያንዳንዳቸውን ብብታቸው ስር ይዞ ያነሳቸው ነበር፤ ማታ ማታ ወገቡን ይዞ ያቃስታል። ፍንጣሪ ይህን ሲያይ ከርሞ፣ ለማንም ሳይናገር ብረት ቆርጦ አመጣና በሩ ስር መወጣጫ በየደለት። ቁንጫ መኪናው ውስጥ ሆና ሬዲዮውን ትቆጣጠር ነበር። የሚወዱት ዘፈን ሲመጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው፤ ፍንጣሪም በብየዳ ማስኩ ውስጥ ሆኖ አብሯት ጮኸ። ድምፁ ለጆሮ የሚሆን አልነበረም።

አባታቸው ሲመጣ መወጣጫው ላይ ቆመ። አንዴ ሁለቴ ዘለለበት። ንቅንቅ አላለም።

«አበጀህ!» አለ።

ፍንጣሪ ትምህርቱን ትቶ ብየዳ ቤት ከገባ ወዲህ አባቱ እንዲህ ያለ ቃል ተናግሮት አያውቅም። ሰላምታ እንኳን በስንት ልመና ነበር። ፍንጣሪ ወደ ጓሮ ሄደና ዓይኑን ሲጠርግ ቁንጫ ደረሰችበት። «የብየዳው ብርሃን ነው» አላት። እሷም ብርሃኑ ነው ብላ ተወችው።

በነጋታው ጠዋት መኪናው አልነሳ አለ።

ኤሌክትሪሻኑ ፊውዙን አየ፣ ካንዴላውን አየ፣ ነዳጁን አየ። በመጨረሻ የመመርመሪያ ማሽኑን ሰካ። «ኮምፒዩተሩ አያናግረኝም» አለ። ከዳሽቦርዱ ስር መጽሐፍ የምታክል ሳጥን ፈቶ አወጣ። ሞተሩ መቼ እሳት፣ መቼ ነዳጅ እንደሚያገኝ የምታዝዘው እሷ ናት። ክዳኗን ከፍቶ አሸተተና ለቁንጫም አስጠጋላት። የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፤ መሃሏ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ።

«ይቺ ሞታለች» አለ። «ጥያቄው ማን ገደላት ነው።» ከዚያ ዓይኑ አዲሱ መወጣጫ ላይ አረፈ። «ሲበየድ የባትሪው ገመድ ተነቅሎ ነበር? ካልተነቀለ የብየዳው ኃይል በሽቦው ይገባና ኮምፒዩተር ይበላል።»

«ነቅዬ ነው እንጂ!» አለ ፍንጣሪ ፈጠን ብሎ። «ሥራዬ አይደል እንዴ?»

«ልጄ ሥራውን ያውቃል» አለ አባቱ። ደረቱን ነፍቶ ነው ያለው።

ቁንጫ ሬዲዮው ትዝ አላት። ባትሪው የተነቀለ መኪና ሬዲዮ አይዘፍንም። ወንድሟ ቀና ብሎ አያት፤ እሷ አቀረቀረች። ነገሩ እዚያው አለቀ።

ኤሌክትሪሻኑም የተነገረውን አመነ። ብየዳው ካልሆነ አንድ ቦታ የተላጠ ሽቦ ብረት እየነካ ነው፤ እሱ ሳይገኝ ሌላ ኮምፒዩተር ቢገጠም ሌላውንም ይበላዋል። አሮጌ መኪና ከሚፈታበት ግቢ ተመሳሳይ ኮምፒዩተር አገኘ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠውና ሽቦ ፍለጋ ገባ። ያ የተላጠ ሽቦ ይኸው እስከ ዛሬ አልተገኘም። የሌለ ነገር ከየት ይገኛል?

«ያመጣኸውን ኮምፒዩተር ግጠምልኝና ልሞክረው» አለ አባቷ ከጎማው ላይ ሆኖ።

«ጋሼ፣ ከተቃጠለ ሌላ የለኝም። እስከ ኋላ መብራት ድረስ ያለውን ሽቦ ልፈታው ነው። ዛሬ አያልቅም።»

አባቷ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቁንጫ ከወንበሩ ወረደችና በሩ ጋ ወደቆመው ወንድሟ ሄደች።

«ንገረው» አለችው በሹክሹክታ።

«አብደሻል? አበጀህ ካለኝ እኮ ሳምንቱ ነው።»

«ነገ ሥራው ሊሄድ ነው!»

«የተላጠ ሽቦ ሲያጣ ኮምፒዩተሩን ራሱ ይገጥመዋል። ሙድ አትያዢብኝ፣ ዝም በይልኝ። በናትሽ፣ ቁንጫዬ።»

እንዲህ ለምኗት አያውቅም። ሁልጊዜ የምትለምነው እሷ ናት። ዝም ብትል አባቷን፣ ብትናገር ወንድሟን ልታጣ መሰላት፤ ሁለቱንም ማጣት እንዳለ ገና አላወቀችም።

ኤሌክትሪሻኑ ቢላዋ አውጥቶ የሽቦውን ሽፋን ሊቀድ ሲጎነበስ አፏ ቀደማት።

«ሬዲዮው ክፍት ነበር።»

«የቱ ሬዲዮ?» አለ አባቷ።

«ሲበየድ። እየዘፈነ ነበር። አልተቋረጠም።»

ኤሌክትሪሻኑ ቢላዋውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ምንም ማስረዳት አላስፈለገውም። አባቷ ፍንጣሪን አየው፤ ፍንጣሪ ጫማውን አየ። ቁንጫ ጩኸት ጠበቀች። ጩኸት ቢመጣ ይሻል ነበር፤ አባቷ ግን ዓይኑን ወደ መወጣጫው አዞረ።

ኤሌክትሪሻኑ ሽቦዎቹን ወደየቦታቸው መልሶ፣ ጨርቁን ፈትቶ ኮምፒዩተሩን ገጠመ። ቁንጫ ወንበሩ ላይ ስትመለስ «አዙሪው» አላት።

ሞተሩ ተነሳ። አባቷ ከጎማው ላይ ብድግ አለ፤ ፍንጣሪም ሳያስበው «ይኸዋ!» ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ ሳያልቅ ሞተሩ ቀጥ አለ። ደግማ አዞረች። ተነሳና ጠፋ። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት ያለባት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች።

ኤሌክትሪሻኑ ጭንቅላቱን ዳሽቦርዱ ላይ ደገፈ። «ኮምፒዩተሩ ቁልፋችሁን አላወቀውም። የሚያውቀው የድሮ መኪናውን ቁልፍ ነው። ሌባ መስለነዋል።»

«የኛን እንዲያውቅ አይደረግም?» አለ አባቷ።

«ከሞተችው ላይ የቁልፉን መረጃ አውጥቼ እገለብጠው ነበር፤ እሱም ተቃጥሏል።» ቀና አለ። «ይሄ ኮምፒዩተር የወጣበት መኪና ባለፈው ሰኞ ሙሉውን ቆሞ ነበር እኮ፣ ጋሼ። ነገሩን ባውቅ ቁልፉንም የቁልፍ ማንበቢያውንም አብሬ አነሳ ነበር። እኔ እዚህ ሽቦ ስፈልግ ፈታትተው ሸጡት።»

ባለፈው ሰኞ። ቁንጫ ያን ቀን የት ቆማ እንደነበር ታውቃለች፤ የተቃጠለውን ሳጥን አሽትታ አቀርቅራ ነበር። ዋሽታለች የሚላት ሰው የለም። እሷ ግን ዝምታዋ ከውሸት አላነሰባትም፤ ሐፍረቱ ጆሮዋን አጋለው።

«ሌላ እፈልጋለሁ» አለ ኤሌክትሪሻኑ ዕቃውን እየሰበሰበ። «ለነገ ግን አይደርስም። ተስፋ አልሰጥዎትም።»

እሱ ከሄደ በኋላ አባቷ ስልኩን ይዞ ወደ አጥሩ ዞረ። «አዎ... አልተሠራም» ሲል ሰማችው። «ገባኝ። አይ፣ እናንተ ምን ታደርጉ። ለሕፃናቱ ሰላም በሉልኝ። ትንሿ ቦርሳዋን መርሳት ትወዳለች፤ ለአዲሱ ሹፌር ንገሩት።»

ስልኩን ኪሱ ከተተና ከፍንጣሪ ዕቃዎች መካከል የብረት መቁረጫውን አነሳ።

«አባዬ...» አለ ፍንጣሪ።

«አባዬ አትበለኝ! ይሄን ቆርጬ እጥለዋለሁ። ዓይኔ እንዳያየው!»

ፍንጣሪ ተጠጋ። ፊቱ አመድ መስሏል። «አንተ አትችልበትም፤ እጅህን ይቆርጥሃል። ስጠኝ፣ ራሴ እቆርጠዋለሁ።»

አባቱ መቁረጫውን አልሰጠውም። ፍንጣሪ የዘረጋውን እጅ መለሰና ማስኩን ቦርሳው ውስጥ ከቶ ትከሻው ላይ አንጠለጠለ። ወደ ግቢው በር ሄደ፤ እጁን መቀርቀሪያው ላይ አድርጎ ቀረ። አልከፈተውም፣ አልተመለሰምም።

አባቷ የመቁረጫውን ገመድ እየጎተተ ወደ ሚኒባሱ መጣ። ቁንጫ ቀደመችውና መወጣጫው ላይ ተቀመጠች።

«ተነሺ።»

«አልነሳም።»

«ልጄ፣ ዛሬ አታናግሪኝ። ተነሺ ብያለሁ!»

«ቁጣው ለእኔም ይገባኛል፣ አባዬ። ሰኞ ዕለት አውቄ ነበር። መወጣጫው ግን ምንም አላደረገም።»

አባቷ ከላይዋ ቆሞ ተነፈሰ። መቁረጫውን አላስቀመጠም፤ አላስነሳውምም። ጀርባዋ ላይ የሚኒባሱ ብረት ይቀዘቅዛል። ነገ ጠዋት ማንም በዚህ አይሳፈርም፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ብየዳው ከስሯ ንቅንቅ አላለም።

ወንድሟ በሩ ጋ እንደቆመ ዞር ብሎ አያት። ቁንጫ አላቀረቀረችም። ወደ አንዱ ጠርዝ ፈቀቅ አለችና በአጠገቧ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቀች።