ጦር ይቅደም

ዳኛው በተገለጠ መጽሐፍ ላይ ተደፍቶ ሞቷል። ማጅራቱን የመታው የብረት ካውያ ከወንበሩ ሥር ወድቋል። ካውያው የታናሽ ወንድሙ የልብስ ሰፊው ነው፤ ሱቁም የእሱ ነው፤ ሬሳውን ያገኘውም እሱው። ስለዚህ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ካቴናውን አዘጋጅቶ ነበር።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማህም?» አለችው መርማሪዋ ገፋ አድርጋው እየገባች።

ሟቹ በሥራው መጻሕፍት ጠራዥ ነበር፤ ዳኛ የሚሉት በጨዋታ ነው። እሑድ እሑድ አራት ሆነው እዚህ ይሰበሰባሉ። እሱ የዋሻና የጭራቅ ታሪክ ይተርካል፣ ሦስቱ ጀግና ሆነው ይጫወታሉ፤ ውጊያ ሲነሣ ማን ቀድሞ እንደሚመታ የሚበይነው ዳኛው ነው። ታዲያ አንድ ልማድ አላቸው። ከውጊያ በፊት እያንዳንዱ ብቻውን ዳኛው ወዳለበት ጓዳ ይገባና የሚያደርገውን በሹክሹክታ ይናገራል፤ ዳኛውም ተራውን ይነግረዋል። ሌላው እንዳይሰማ በሩ ይዘጋል። ጎልማሶች ናቸው፣ ግን በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም።

ዛሬ መጀመሪያ የገባችው መምህርቷ ናት፤ ቀጥሎ መነጽር ሠሪው፣ መጨረሻ ልብስ ሰፊው።

«ስገባ ወንድም ጋሼ እንዲህ ሆኖ ነበር» አለ ልብስ ሰፊው፤ ሜትሩ አሁንም አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። «ያሳደገኝ እኮ እሱ ነው!»

«ጠዋት ስትጮህበት ነበር አሉ።»

«የዳኝነቱን ወንበር ስጠኝ ብዬው ነው። ገና ነህ አለኝ።»

መነጽር ሠሪው ግን ረጋ ብሎ ነበር የሚናገረው።

«ስወጣ ደህና ነበር። የእኔ መሣሪያ ጦር ነው፤ ከባድ ስለሆነ ዘገምተኛ ነው ይለኛል። የወንድሙ ጩቤ ቀላል ናት፣ ሁልጊዜ ትቀድማለች። ባለጩቤው እስኪጠጋኝ ጦሬ አይደርስበትም ወይ እያልኩ ስንት ዓመት ለመንኩት! ዛሬም ‹ጩቤ ይቅደም፣ አንተ መጨረሻ ነህ› አለኝ። ወጣሁ።»

«አይቆጭዎትም?»

«የሥጋ ነገር ነው መቼም» አለ። ከንፈሩ ፈገግ አለ፣ ዓይኑ ግን አልታዘዘውም። «ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛው እኔ ነበርኩ።»

መርማሪዋ ጓዳ ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ ሦስት የእንጨት ምስሎች ተሰልፈዋል፤ ከፊት ባለጦር፣ መሐል ባለበትር፣ ከኋላ ባለጩቤ። መምህርቷን ጠራቻት።

«ስትገቢ እንዲህ ነበር የቆሙት?»

«እንዲሁ ነበሩ።» መምህርቷ ሌላም ነገር ነገረቻትና አለቀሰች።

ጥቂት ቆይቶ ሁሉም በስፌት መኪናዎቹ መሐል ተሰበሰቡ።

«ዳኛው ምስሎቹን የሚደረድረው በመምቻ ተራቸው ነው፣ አይደል?» አለች መርማሪዋ።

«አዎ» አለ ልብስ ሰፊው።

«ዛሬ ከፊት የቆመው ባለጦሩ ነው። እርስዎ ግን ጩቤ ይቅደም አለኝ ይላሉ። ብሎዎት ቢሆን ኖሮ ሰልፉን ይገለብጠው ነበር። ከሕያው ዳኛ ጋር የተነጋገረ ሰው አዲሱን ተራ ይሰማል። እርስዎ የነገሩኝ የድሮውን ነው፤ ምክንያቱም አፉን እንዲከፍት ጊዜ አልሰጡትም።»

መነጽር ሠሪው ወደ መምህርቷ ዞረ።

«ለእኔ ነግሮኝ ነበር» አለች። «‹የጨዋታውን ሕግ መጽሐፍ ደግሜ አነበብኩት፣ ጓደኛዬ ነው ልክ። ዛሬ ጦር ይቅደም ብያለሁ። እንዳትነግሪው፤ እኔው ነግሬው ፊቱን ልየው› አለኝ።»

መነጽር ሠሪው አንድ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«‹ተቀመጥ፣ የምነግርህ አለ› አለኝ» አለ። «አጎንብሶ መጽሐፉን ይገልጥ ጀመር። ወንበሩን ለወንድሙ መስጠቱን ሊያረዳኝ መሰለኝ። ቀናሁ። ምን ልበላችሁ፣ ቀናሁ!»

ፖሊሱ ካቴናውን አጠለቀለት። ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ መነጽር ሠሪውን አየው።

«ወንድም ጋሼ እኮ ለእኔ እንዲህ ተጨንቆ አያውቅም» አለ። «‹ጓደኛዬን አስከፋሁት› እያለ ሳምንቱን ሙሉ ምግብ አልበላለት አለ። ጠዋት ወንበሩን ስጠኝ ብዬ የጮህኩበትም ስለዚሁ ተናድጄ ነው። እኔ በአንተ ነበር የምቀናው።»