በጠራራ ፀሐይ የከፈትኩት በር

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ፊቴን ወደ ሌላ የማዞር ሴት ነበርኩ። ጎረቤት ተሰብስቦ እገሌ ሲሞት ጣራው ላይ ወፍ ጮኸ፣ እገሊት የሞተ አባቷን በር ላይ ቆሞ አየችው ሲል፣ ሥራ ያለኝ አስመስዬ እነሳለሁ፣ ምክንያቱም ቆላ ያደገ ሰው ሙቀት ምን ምን እንደሚያሳይ ያውቃል፣ በሚያዝያ ፀሐይ አስፋልቱ ላይ የሌለ ውሃ ሲያብለጨልጭ ይታያል፣ ታዲያ ያ ሁሉ ጋኔን ነው? እንዲህ እያልኩ ነው የኖርኩት። አሁን የምነግራችሁም ሌሊት የሆነ ነገር አይደለም፣ ገንዳ ውሃ ከተማ፣ እቤቴ ግቢ ውስጥ፣ ዶሮ እንኳ አፏን ከፍታ ጥላ በምትፈልግበት ቀትር ላይ የሆነ ነው፣ እና እመኑኝ፣ ሌሊት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ባለቤቴ አየነው የትራክተር ሹፌር ነበር። ከመተማ ዮሐንስ እስከ አብርሃ ጅራ ያላረሰው የሰሊጥ መሬት የለም ማለት ይቻላል። ከድንበሩ ማዶ፣ ገላባት ላይ፣ ኢድሪስ የሚባል ሱዳናዊ መካኒክ ጓደኛ ነበረው፣ ትራክተር በተበላሸ ቁጥር ወይ እሱ ይሻገራል ወይ ኢድሪስ ይመጣል፣ ሁለቱም አንድ ሞተር ሥር ተጋድመው፣ አንዱ በአማርኛ አንዱ በዓረብኛ ሲሰዳደቡና ሲሳሳቁ ይውላሉ። እኛን እግዜር ልጅ አልሰጠንም፣ አየነው የኢድሪስን ልጆች ስም ሲጠራ ግን የወለዳቸው ይመስል ነበር። በኋላ ማዶ ጦርነቱ መጣ፣ የኢድሪስ ስልክ ተዘጋ፣ አንዱ ወደ መሀል አገር ሸሽቷል ይለናል፣ አንዱ ሞቷል ይለናል፣ አየነውም መጠየቁን ተወ፣ ስልኩን ግን አንዳንዴ አውጥቶ ያንኑ ቁጥር ሲሞክር አየዋለሁ።

ከዚያ ጉበቱን ታመመ። ጎንደር ወሰድኩት፣ ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው፣ ወደ ኮሪደር ጠራኝና «እህቴ፣ ወደ ቤት ይዘሽው ግቢ፣ የሚወደውን ስጪው» አለኝ። ስንት ጊዜ አለው ብዬ ጠየቅኩት። «እሱን ፈጣሪ ያውቃል፣ ሳምንትም ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም ሊገፋ ይችላል» አለ። ይዤው ገባሁ፣ ቆርቆሮው ሥር ሙቀቱ ስላልቻለው አንገረቡን፣ የጠፍር አልጋችንን፣ አውጥቼ ግቢ ውስጥ ዳሱ ሥር አስተኛሁት፣ የሰጡኝ የሕመም ማስታገሻም ወዲያው አለቀ። መንገዱ ደግሞ በጸጥታው ምክንያት ተዘጋ። ያለውን መድኃኒት ቤት ሁሉ ዞርኩ፣ አንዱ ጋ አልቅሼ፣ አንዱ ጋ ተሳድቤ፣ ሁሉም ጋ የለም ነው መልሱ። አየነው ጋቢውን ነክሶ ይጮሃል። ያ ትራክተር እግሩ ላይ ሲወጣበት ያልጮኸ ሰው! ጠያቂው መጀመሪያ ግቢውን ይሞላው ነበር፣ በኋላ ድምፁን ሲሰማ ከበሩ ላይ «እግዜር ይማርህ» ብሎ መመለስ ጀመረ፣ አልፈርድባቸውም። ንስሐ አባቱ መጥተው አቆረቡት፣ ነፍሱ ግን አልወጣችም። አንድ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ጀሪካኑ ላይ ተቀመጥኩና «ጌታዬ፣ ውሰደው» ብዬ ጸለይኩ፣ ወዲያው ደግሞ «የለም፣ አልሰማኸኝም፣ አላልኩም» እያልኩ መንገድ ላይ እንደ እብድ ብቻዬን አወራሁ።

የዚያን ዕለት ነው ጎረቤቴ «እማማ ይታይሽን ለምን አትጠሪያቸውም?» ያለችኝ።

እማማ ይታይሽ የጎጃም ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ለቀን ሠራተኞች ምግብ ሊያበስሉ ሰሊጥ እርሻ ወርደው እዚያው ቀሩ፣ ወባና ካላዛር የጣለው የደጋ ልጅ ዘመድ በሌለበት ሲያጣጥር ማንም አይጠጋውም ነበር፣ እሳቸው ወጡን ከእሳት አውርደው አጠገቡ ይቀመጡ ነበር አሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሞት የቀረበው ሰው ያለበት ቤት ሁሉ ይጠራቸው ጀመር። መድኃኒት አይሰጡ፣ ጠበል አይረጩ፣ ይቀመጣሉ። «ሲወለድ አዋላጅ ያለው ሰው ሲሞት ለምን ብቻውን ይሆናል?» ይላሉ፣ ሌላ ማብራሪያ የላቸውም።

በማግስቱ ጠዋት መጡ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሳይቸኩሉ። አየነውን በስሙ ጠሩት፣ ጥጥ በውሃ ነክረው ከንፈሩን አራሱት፣ ወደ ጎኑ አዙረው ጀርባውን በጋቢ ደገፉት፣ ከዚያ እግርጌው ተቀምጠው ሁለት እግሩን በእጃቸው ያዙ። እኔ ራስጌው ቆሜ እንደ ልማዴ «አይዞህ፣ ትድናለህ» ስለው ቀና ብለው አዩኝ።

«እንዲያ አትበዪው፣ ልጄ።»

«ታዲያ ምን ልበለው፣ እማማ?»

«አለሁ በዪው። መዳኑንና አለመዳኑን እሱ ያውቀዋል፣ አንቺን ላለማስከፋት ሲል ነው የደከመው።»

ጎንበስ ብዬ «አለሁ» አልኩት ጆሮው ላይ። ተነፈሰ፣ ረጅም ትንፋሽ፣ ትንሽም ተኛ። እኔ ግን ዞር ብዬ አለቀስኩ፣ ያን ሁሉ ቀን ስዋሸው መክረሜ ገባኝ።

«ማንን ነው የሚጠብቀው?» አሉኝ ቆይተው።

«ማንንም። ልጅ የለን፣ ወላጆቹም አርፈዋል።»

«ይጠብቃል እንጂ። ዓይኑን እይው፣ ከበሩ አይነቀልም።»

ቀትር ሆነ። አርብ ነበር፣ የጁምዓው ድምፅ ከመስጊዱ ሲመጣ ትዝ ይለኛል። አየነው ዓይኑን ገለጠና በዓረብኛ ማውራት ጀመረ። ትኩሳት ነው ብዬ ተውኩት፣ ግን አወራሩ እንደሚቃዥ ሰው አልነበረም፣ ይናገራል፣ ቆም ብሎ ያዳምጣል፣ ይመልሳል። መሀል ላይ «ያ ዞል!»፣ አንተ ሰው እንደማለት ነው፣ ብሎ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ከማን ጋር ነው?» አሉኝ እማማ ይታይሽ።

«ኢድሪስ ከሚባል ጓደኛው ጋር መሰለኝ። ማዶ ነው ያለው፣ ካለ።»

ይህን ብዬ ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ። የግቢያችን በር ቆርቆሮ ነው፣ ሰው በእጁ ሲመታው ይንኮሻኮሻል፣ ይሄኛው ግን ብረት በብረት ነው፣ ቀስ ብሎ፣ ሁለቴ። ኢድሪስ ከኪሱ በማይለየው መፍቻ እንዲህ ነበር የሚያንኳኳው። ሄጄ በሽንቁሩ አየሁ፣ መንገዱ ጭር ብሏል፣ ከማዶ አንድ የባጃጅ ሹፌር ባጃጁ ውስጥ ተጋድሞ ተኝቷል፣ ሌላ ነፍስ የለም። ስመለስ አየነው ተቆጥቶ ጠበቀኝ፣ በአማርኛ፣ ከታመመ ጀምሮ ባልሰማሁት ጥርት ባለ ድምፅ።

«ለምን አላስገባሽውም? ፀሐይ ላይ ቆሟል እኮ!»

«ማንም የለም፣ አየነው።»

«አለ እንጂ!»

ይሄን ብሎ ሕመሙ ተነሳበት። እንዴት እንደጮኸ አልነግራችሁም፣ ልናገረውም አልችል። በጩኸቱ መሀል ደግሞ ተንኳኳ፣ አሁን በሩን እያየሁት ነው፣ ቆርቆሮው ሲርገበገብ በዓይኔ አየሁ፣ በሩና መሬቱ መሀል ክፍተት አለ፣ ሰው ቢቆም እግሩ ይታይ ነበር፣ ፀሐይ ብቻ ነው የሚታየው። ዞሬ እማማ ይታይሽን አየኋቸው፣ እሳቸውም በሩን ነው የሚያዩት።

«ሰምተዋል?» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ። ልጄ፣ እኔ ብዙ ቤት ተቀምጫለሁ፣ ሰው ሊሄድ ሲል እናቱን ይጠራል፣ አባቱን አየሁ ይላል፣ ያ የተለመደ ነው። በር ሲመታ ግን ሰምቼ አላውቅም።»

«ምን ላድርግ?»

«ቤቱ ያንቺ ነው። ክፈቺም አትክፈቺም አልልሽ።»

አየነው ጮኸ። በቃ፣ ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም፣ ሮጬ መወርወሪያውን ሳብኩና በሩን እስከ ግድግዳው ወርውሬ «ከመጣህ ግባ! ሰይጣንም ብትሆን ግባና ገላግለው!» ብዬ ጮህኩ፣ የባጃጁ ሹፌር ደንግጦ ቀና እስኪል ድረስ።

የገባ ሰው የለም። ፊቴን የሚለበልብ ነፋስ ነው ያለፈኝ፣ ከኋላው ግን የግራሶና የተቃጠለ ዘይት ሽታ ተከተለው፣ እውነቴን ነው፣ አየነው ከሥራ ሲመጣ ልብሱ ላይ የማውቀው ሽታ። ከዚያ የአንገረቡ ጠፍር እግርጌ በኩል ሲጥ አለና ሰው እንደተቀመጠበት ወደ ታች ረገበ። እማማ ይታይሽ እጃቸውን ሰብስበው ተነሱ፣ ለእንግዳ ቦታ እንደሚለቅ ሰው ወደ ኋላ አሉ። አየነው ጩኸቱን ከመሀሉ አቆመ። ፊቱ ፈታ አለ፣ በዝግታ በዓረብኛ ማውራት ጀመረ፣ የእኔ ዓረብኛ የገበያ ነው፣ «ልጆች» ሲል ሰማሁ፣ «ተነሳ» ሲል ሰማሁ፣ ከዚያ «እኔ» አለ፣ «እኔ፣ እኔ» አለ፣ አንድ ነገር ከሌላ ሰው እጅ እንደሚቀበል። ጠፍሩ ተመልሶ ቀና አለ። አየነው አንድ ጊዜ ተነፈሰ፣ ሌላ አልደገመም።

እማማ ይታይሽ የሚገባውን ሁሉ አደረጉ፣ ዓይኑን ከደኑ፣ አገጩን አሰሩ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣጠፉ። ከዚያ ግን እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ይታጠባሉ፣ አይበቃቸውም።

«እማማ፣ ምን አዩ? በሞቴ ይንገሩኝ።»

«ሰው ሲሄድ አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ ነጠላቸውን እየሳቡ። «ሲመለስ አይቼ አላውቅም።»

«ማን ነው የተመለሰው?» አልኳቸው፣ እሳቸው ግን ለቀስተኛ እንኳ ሳይሰበሰብ ወጡ።

አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት ሰው መጣ። ጀለቢያው ላይ የተሰቀለ አጥንት ብትሉት ይሻላል፣ ሚስቱና ልጆቹ ከኋላው ቆመዋል። ኢድሪስ ነው። ሳያየኝ ወደ አንገረቡ ነው ያየው፣ ባዶውን ሲያይ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ። መሞቱን ማንም አልነገረውም ነበር። «አውቄዋለሁ» አለኝ፣ «እኔ ነኝ የማውቀው፣ እህቴ።»

የነገረኝን እንዳለ ልንገራችሁ። ከተደበቁበት ወደ ድንበር ሲመለሱ ታመመ፣ መንገድ ላይ፣ አንድ የመኪና መቆሚያ ጥላ ሥር አስተኙት፣ ተስፋ ቆርጠው ፊቱን ወደ ቂብላ አዞሩት፣ ሸሃዳ አስባሉት፣ አርብ ቀን ነው ከጁምዓ በኋላ። ከዚያ ራሱን የቆርቆሮ በር ላይ አገኘው፣ ፀሐይ እያቃጠለው ያንኳኳል፣ የሚከፍት የለም፣ ደግሞ ያንኳኳል፣ አንዲት ሴት «ሰይጣንም ብትሆን ግባ» ብላ ጮኸችበት። ገባ። አየነው ተኝቷል፣ «አንተ ልጆች አሉህ፣ ተነሳ፣ እኔ እሄዳለሁ» አለው። ውሃ ስጡኝ እያለ ነቃ።

ሚስቱ እጄን ይዛ ትስመዋለች፣ ልጆቹንም ሳሟት ትላቸዋለች። እኔ ምን ልበል? ሐኪሙ ከሳምንትም ሊገፋ ይችላል ብሎኝ ነበር። በሩን ባልከፍት አየነው ያን ዕለት ይሞት ነበር? ገላገልኩት ወይስ ሰጠሁት? እማማ ይታይሽ ዘንድ ሁለቴ ሄድኩ፣ በጎረቤት በኩል የሉም አስባሉኝ፣ ሳላቸውን ግን ከውስጥ ሰምቻለሁ።

ኢድሪስ አሁን መተማ ዮሐንስ ባጃጅ ይጠግናል፣ በሳምንት አንዴ በአውቶቡስ እየመጣ ይጠይቀኛል። በመጀመሪያው ቀን ሊሄድ ሲል አንድ ነገር ብሎኝ ነበር፣ «አየነው ለሷ ንገራት ያለኝ ቃል ነበር፣ ስነቃ ጠፋኝ።» በመጣ ቁጥር ሻይ አቀርብለትና አፉን አያለሁ፣ እሱም ግንባሩን ቋጥሮ ያስባል፣ ይቅርታ ይለኛል፣ ይሄዳል። ሌላ የምጠብቀው ነገር አልነበረኝም፣ ለዚያች ቃል ነበር የምነሳው የምተኛው።

ባለፈው ሲመጣ ብርጭቆውን ከአፉ ሳያደርስ አስቀመጠው። ዓይኑ በራ፣ «መጣልኝ፣ እህቴ» አለኝ። ከመቀመጫዬ ተነስቼ ነበር፣ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፣ ወደ ውስጥ ገብቼ የቤቱን በር ከኋላዬ ዘጋሁ፣ ጀርባዬን አስደግፌ ጆሮዬን በሁለት እጄ ያዝኩ። ያችን ቃል ከሰማሁ በኋላ ለምን ብዬ እነሳለሁ? ከውጪ ስሜን ጠራኝ፣ ቆየ፣ ደግሞ ጠራኝ። ከዚያ ጫማው ግቢውን አቋርጦ ሲሄድ ሰማሁ።

በዚህ ሳምንት አልመጣም። ስልኩም ተዘግቷል።