ሰባተኛው ሰልፍ

ሁለት ወር አልጋ ላይ የዋሉት ጋሽ በከር፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ወድቀው ሞተው ተገኙ። አውራ ጣታቸው የአደጋ ደወሉን እንደተጫነ ነበር። ደወሉ ግን ማዶ ብሎክ የምትኖረው ነርስ ነፊሳ ቤት አልጮኸም።

በሦስተኛው ቀን ልጃቸው ሀያት መርማሪዋን ወለተሥላሴን የለቅሶው ድንኳን በር ላይ ያዘቻት።

«ደወሉን ማን እንዳፈነው ይንገሩኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ወለተሥላሴ ቃል ገባች። መጀመሪያ ያገኘችው የብሎኮቹን የኢንተርኔት መስመር የዘረጋውን ባሮክን ነው።

«ገመድ ተቆርጦ ነበር?»

«ኧረ የለም! መብራትም አልጠፋ። ደወሉም የሚሄደው በዚሁ በኢንተርኔቱ መስመር ነው። መስመሩን የሚያከፋፍሉት ሳጥኖች በየሰከንዱ ‹አለሁ› ይባባላሉ። ሦስት ጊዜ ካልተሰማ፣ አንዱ ሌላውን ሞቷል ብሎ መንገዱን ይዘጋል። ለዚህ መልእክት ብቻ ሰባተኛውን ሰልፍ ሰጥቼዋለሁ። ጠባብ ነው፤ ግን ከሁሉ ይቀድማል።»

«ሰልፍ?»

«ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ለታክሲ ተሰልፈው አያውቁም? ሁሉም ይሰለፋል፤ አምቡላንስ ግን ያልፋል። እኔን ከጠየቁኝ፣ ምድር ቤት ኳስ የሚያሳየውን ሚደቅሳን ይያዙት። መስመራችንን የሚጨርሰው እሱ ነው።»

ነፊሳ ዓይኗ አብጧል። «ቀኑን ሙሉ ደወሉ ሥር ነበርኩ» አለች። «ምሳዬን እንኳ እዚያው ነው የበላሁት።»

ወለተሥላሴ የሳጥኖቹን መዝገብ ሁለት ጊዜ አነበበች። ምነው ቃል ባልገባሁ አለች በልቧ። ከዚያ ሀያትን፣ ባሮክን፣ ነፊሳንና ሚደቅሳን ድንኳን ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ መንገዱ ተዘጋ። ከስድስት ደቂቃ በኋላ ተከፈተ። ሰባተኛው ሰልፍ ውስጥ ሌላ ጭነት ገብቶ ነበር። ሚደቅሳ ቢሆን የሚያስቀድመው ኳሱን ነበር።»

«ተመስገን» አለ ሚደቅሳ። ማንም አልሳቀም።

«የገባው የጋሽ በከር ክፍል ካሜራ ምስል ነው። ባሮክና ነፊሳ ሰልፉን ለመቀየር የሚያስገባው የይለፍ ቃል አላቸው፤ ካሜራውን ግን አያዩትም። የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሀያት ቀና አለች። «እኔ ነኝ። ሥራ ቦታ ሆኜ አባዬን በካሜራው ሳየው ፊቱ ይቆራረጥብኝ ነበር። ስለዚህ ከሰልፎቹ ትልቁን ቁጥር፣ ሰባትን፣ መረጥኩለት። ግን እኮ ሳምንት ሙሉ በደንብ ሠርቷል!»

«ተኝተው ስለነበር ነው» አለች ወለተሥላሴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጸጥ ያለ ክፍል ምስሉ ቀላል ነው። ሰው ሲነሳ፣ ሲወድቅ ይከብዳል። ከሞት ሲታገሉ ምስሉ ጠባቡን ሰልፍ ሞላው፤ ‹አለሁ› የሚለው መልእክት ማለፊያ አጣ። ደወሉን የተጫኑት መንገዱ ከተዘጋ በኋላ ነው። ደወሉ የሚልከው አንዴ ብቻ ነው፤ መንገዱ የተከፈተው ደግሞ እንቅስቃሴያቸው ሲቆም ነው።»



«አይቼው ነበር» አለች ሀያት። «አባዬ እጁን አነሳ፤ ምስሉም እዚያው ላይ ቆመ። ሰላም ያለኝ መስሎኝ…»

ቀኝ እጇ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ።

«እኔም እንዲህ አልኩት።»