የሰኔ ቀለም

የሳቬሊን ሬሳ ያገኙት ሸርጣን ሊለቅሙ የወጡ ሴቶች ናቸው። በግንባሩ ተደፍቷል፣ ጺሙ አሸዋ ጠግቧል፤ የአንገት መስቀሉ እንኳ አልተበጠሰም። ጀልባዋ ከእሱ ራቅ ብላ፣ ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ላይ ጎኗን አጋድማ ቀርታለች። ነፋስ አልነበረም፣ ማዕበልም አልነበረም። እኛ የዛሊቭካ መንደር ሰዎች ደግሞ በእግራችን ሳንሄድ መቅዘፍ የምንጀምር ነን። በእንዲህ ያለ ቀን ሳቬሊ ሰጠመ ቢሉን ማን ያምናል?

ስለዚህ ገዳይ ፈለግን። ለማግኘትም ግማሽ ቀን አልፈጀብንም፤ እግዜር ይቅር ይበለን። ኔስቶር ነው አልን። ኔስቶር ከሳቬሊ ጋር መረብ የሚስብ፣ እናት አባት የሌለው ሰው ነው። ከጥቂት ቀን በፊት በሰው ፊት ተጣልተው «ከነጀልባህ ያስጥምህ!» ብሎታል፤ ሳቬሊ በሞተበት ቀን ጠዋትም አብሬህ አልወጣም ብሎ ቀርቷል። የጀልባዋ ሆድ ላይ ቀዳዳ ሲገኝማ ነገሩ አለቀ። መረብ ማከማቻው ውስጥ ቆለፍንበትና ፖሊስ ጠራን።

ፖሊሱ በሠልስቱ ቀን ውሃ ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን መጥቶ እንደሚወስደው ነገረን። ቀድሞ የላካት ግን ኢንገርን ነው። ኢንገር ስልሳ የሞላት፣ ዕድሜዋን ሙሉ የሰመጠ ጀልባ ስትመረምር የኖረች፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። ለእግዚአብሔር ይማረው እንኳ ጊዜ አላጠፋችም፤ በቀጥታ ጭቃው ውስጥ ገብታ ጀልባዋ ሥር ተንበረከከች።

«መሰርሰሪያ ነው፣ አይደል?» አላት ቴሬንቲ። የሟቹ ታላቅ ወንድም ነው፤ የመንደሩን ጀልባዎች ከውሃ የሚያወጣውና የሚጠግነው እሱ ነው።

«መሰርሰሪያ የበሳው ጠርዙ ያብረቀርቃል። ይኼን ንካው እስቲ።»

ነካው፤ ወዲያውም እጁን መለሰ። የቀዳዳው ጠርዝ እንደ ቅጠል ሳስቷል፣ ዙሪያውን ነጭ ዱቄት ወርሶታል።

«አሉሚኒየም እንደ ብረት አይቀላም» አለች። «እንዲህ ነጭ እያወጣ ነው የሚያልቀው። ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሠላሳ አራት። የአባታችን ነበረች። እርጅና ነዋ!»

ኢንገር ከጀልባዋ ሥር የታሰሩትን የዚንክ ቁርጥራጮች አንድ በአንድ ዳሰሰች። ዚንኩ የሚታሰረው ባሕሩ አሉሚኒየሙን ትቶ እሱን እንዲበላ ነው። የሳቬሊ ዚንኮች በወጉ ግማሽ ድረስ ተበልተዋል፤ እንዳይሠሩ የሚያደርግ ቀለም አልነካቸውም። የተላጠ ሽቦም ጀልባ ያስበላልና የባትሪውን ሽቦ አየች፤ አንድም የተላጠ የለም።

«ወንድምህ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ነበር» አለች። «ውጪዋ ጤነኛ ነው። የተበላችው ከውስጥ ነው። ውስጧን ማን ቀባው?»

«እሱ ራሱ፣ በመጋቢት። እኔ ምን ቆርጦኝ! ውጪውን ብቻ ነው የቀባሁት። ውስጡን ለማንም አያስነካም ነበር።»

ቴሬንቲ ወደ መንደር ሲመለስ፣ በኋላ እንደነገረችን፣ ብቻዋን የወለሉን ሳንቃ አነሳች። ቀዳዳው ካለበት በላይ፣ በሁለት የጀልባዋ ጎድኖች መካከል የተሰነቀረ ነገር ነበር። አውጥታ በመሐረብ ጠቀለለችው። ከዚያም በቢላዋ ከግራጫው ቀለም ጥቂት ልጣ ብርሃን ላይ ያዘችው። ደረቁ ቀለም ውስጥ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ክር ተቀብሯል።

ኔስቶርን ያነጋገረችው በበሩ ስንጥቅ ነው።

«ለምን ተጣላችሁ?»

«በጀልባዋ ነዋ! ውሃ ታስገባለች አልኩት። ጠዋት ጠዋት ከሆዷ ውሃ እየቀዳን ነው የምንወጣው። ታይታለች፣ ደህና ናት ብሎ አፌን አስያዘኝ። ካልተሠራች አልወጣም አልኩት። ያንን ክፉ ቃል የተናገርኩት ተናድጄ ነው፤ አፈር ስሆን እመኑኝ!»

«ቀደም ሲልስ የት ነበርክ?»

«ከግንቦት ጀምሮ ሌላ ጀልባ ላይ። የተመለስኩት ሳቬሊ ከሆስፒታል ሲወጣ፣ በሰኔ ማለቂያ ነው።»

የሟቹ ሚስት ኡሊታ ይህንኑ አጸናች። ባሏ ጀርባውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ማለቂያ ተኝቶ ነበር፤ እሷም ከአልጋው አልተለየችም።

«ኔስቶር ዝንብ አይገድልም» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው የያዛችሁት! ሰው የለውማ፣ ማን ይጮኽለታል?»

በመጨረሻ የሟቹን እናት ጠየቀች። እማማ አጋፊያ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ።

«እማማ፣ ለልጅዎ ከአንገቱ መስቀል ሌላ ሰጥተውታል?»

«ከቤቴ የሚወጣ ልጅ ያለ መስቀል አይወጣም፣ ልጄ» አሉ። «የዛሬ ሁለት ዓመት ማዕበል ሊወስደው ነበር። ከዚያ ወዲህ ትልቁን፣ የአያቴን የነሐስ መስቀል፣ ከጀልባዋ ወለል ሥር አኖርኩለት። እሱ አያውቅም። ቢያውቅ ይስቅብኝ ነበር።»

ኢንገር ቀና ብላ አየቻቸውና አንገቷን ደፋች።

በሠልስቱ፣ ለሐዘንተኛው የተሠራው የዓሣ ሾርባ ሳይቀመስ፣ ሁላችንም እማማ አጋፊያ ቤት ተሰበሰብን። ኔስቶርን እጁን አስረን አመጣነው። የአውሮፕላኑ ድምፅ ከባሕሩ በላይ መሰማት ጀምሯል። ኢንገር መሐረቧን ጠረጴዛው ላይ ፈታች።

«ጀልባዋን የበሳት ይኼ ነው» አለች። ስንዝር የሚያህል የነሐስ መስቀል ነበር። «ነሐስና አሉሚኒየም በጨው ውሃ ውስጥ ተነካክተው ከከረሙ አሉሚኒየሙ ይበላል። ውጪ የታሰረው ዚንክ ለዚህ አይደርስም። በቀዳዳው ዙሪያ የሳሳው ቦታም ቅርጹ የመስቀሉ ነው።»

እማማ አጋፊያ እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

«መስቀሌ ነው የገደለው?»

«ነሐሱ ነው፣ እማማ። እርስዎ አላወቁም። ያወቀ ሰው ግን ነበር።» ጣቷን መስቀሉ ጠርዝ ላይ አሳረፈች። «ይኼን ግራጫ መስመር እዩ። የጀልባዋን ሆድ ከውስጥ የቀባው ሰው መስቀሉን ሳያነሳ ዙሪያውን ቀብቷል። ነጩን ዱቄት አይቷል፣ ብረቱ መሳሳቱን አይቷል፣ ቀለም አልብሶ ሸፍኖታል።»

«ሳቬሊ ነው የቀባው!» አለ ቴሬንቲ ከወንበሩ እየተነሳ። «በመጋቢት ብዬሻለሁ!»

«ሳቬሊ ነጭ ባየበት ሁሉ ፍቆ አዲስ ብረት የሚለጥፍ ሰው ነው። ጀልባዋ በሙሉ የእጁ ልጣፍ ናት። ደግሞስ በመጋቢት ምን ይበራል?» የቀለሙን ልጣጭ ዘረጋችለት። «ይኼ ዘር ይዞ በነፋስ የሚበር የዛፍ ጥጥ ነው፤ ቀለሙ እርጥብ ሳለ የወደቀበት። ጥጡ እናንተ አገር መቼ ነው የሚበረው?»

«በሰኔ» አለች ኡሊታ በደረቀ ድምፅ። «አሥር ቀን ብቻ።»

«በሰኔ ሳቬሊ አልጋ ላይ ነው፣ አንቺ አጠገቡ ነሽ። ኔስቶር ባሕር ላይ ነው። እማማ ዘንድሮ ጉልበታቸው አይታጠፍላቸውም። ጀልባዋ የነበረችው የት ነው?»

ከአባታቸው ሞት ጀምሮ ከውሃ በወጣች ቁጥር በቴሬንቲ ግቢ እንደምትቆም፣ ዘንድሮም ሳቬሊ ከሆስፒታል እስኪወጣ እዚያው እንደነበረች መንደሩ ሁሉ ያውቃል። አባትየው ጀልባዋን ለታናሽየው የሰጠ ዕለት ቴሬንቲ ከሠርግ ቤት እንደ ተባረረ ሰው ቆሞ የቀረውም በዓይናችን ነው።

«ኔስቶር ውሃ ታስገባለች ሲል፣ ለሳቬሊ አይቻታለሁ፣ ደህና ናት ብሎ የነገረው ማን ነው?» አለች ኢንገር ቀስ ብላ።

ቴሬንቲ ተመልሶ ተቀመጠ።

«እዚያው እንደታሰረች ትሰምጣለች ብዬ ነበር» አለ። «ዳር ላይ። ሰው ይስቅበታል፣ አባቴ ለማን እንደሰጣት ይታያል ብዬ። እኔ አልበሳሁም። መስቀሉንም አላስቀመጥኩም። እኔ እኮ ምንም አላደረግኩም!»

«አዎ» አለች ኢንገር።

ኡሊታ ተነስታ ገመዱን ከኔስቶር እጅ ፈታች። አንዳችንም ልናያት አልደፈርንም፤ ያሰርነው እኛ ነና። አውሮፕላኑ ውሃው ላይ አርፎ ሞተሩ ጠፋ።

ፖሊሱ ቴሬንቲን ይዞ ደጃፉን ሊያልፍ ሲል እማማ አጋፊያ «ቆይ» አሉ። ከጠረጴዛው ላይ የነሐሱን መስቀል አነሱ። ግራጫውን ቀለም በቀሚሳቸው ጠርገው ሊያስለቅቁት ሞከሩ፤ አልለቅ አላቸው። እንዲሁ እንዳለ በልጃቸው መዳፍ ላይ አኖሩት፤ ጣቶቹንም አንድ በአንድ አጠፉለት።

«ያዘው» አሉት። «ከቤቴ የሚወጣ ልጅ ያለ መስቀል አይወጣም።»

ከዚያም በሩን ዘጉ።