የጨሞጋ የመጨረሻ ናሙና

ሰገነት ጠርሙሱን በነጠላዋ ሸፍና የአማኑኤልን ገበያ ሰንጥቃ አለፈች። ከኋላዋ ቡናማ ጃኬት የለበሰ ሰው አለ። ስትቆም ይቆማል። ስትራመድ ይራመዳል።

ደብረ ማርቆስ ላይ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ናት፤ የሰው ልጅ በወንዞች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ታጠናለች። ለስለላ መሥሪያ ቤቷ ግን የምስጢር ስሟ «ቄጠማ» ነው። ከጨሞጋ ወንዝ በላይ መርዝ የሚቀብሩትን ሰዎች እንድትደርስባቸው የተላከች ሰላይ። ከወንዙ ግርጌ ከብት ያልቃል፣ ልጆች እየተንቀጠቀጡ ይወድቃሉ።

ትናንት በርሜሎቹን አገኘቻቸው። ዛሬ ጠዋት ስትመለስ ቦታው በዶዘር ተደልድሏል፤ ዝናቡም ወንዙን አጥቦታል። የቀረው ማስረጃ ትናንት ከወንዙ የቀዳችው ይህ አንድ ጠርሙስ ውሃ ብቻ ነው። ምንም የማታውቀው የጥናት ጓደኛዋ አይናለም አብራት መጥታ ሽንኩርት ልትገዛ ሄዳለች።

አለቃዋ መንበሩ ከእህል በረንዳው ሥር ቆሞ ይጠብቃታል።

«ውሃው እንዴት ነው?»

«ደፍርሷል።»

የተስማሙበት የምልክት ቃል ነው። ተጠጋችው።

«የሚከተለኝ ሰው አለ።»

«የኔ ሰው ነው፣ አይዞሽ። እነዚያን ሰማያዊ በርሜሎች ሌላ ያየ አለ?»

በርሜል ማግኘቷን እንጂ ቀለማቸውን አልነገረችውም።

ለማንም አልነገረችም።

ቀና ብላ ስታየው እሱም ገባው። ኮቱን ገለጥ አድርጎ ሽጉጡን አሳያት።

«ጠርሙሱን አምጪው። እዚሁ እደፋዋለሁ፤ አንቺም ዲግሪሽን ትጨርሻለሽ።»

«ልጆች እየወደቁ ነው እኮ፣ አቶ መንበሩ! እርስዎ አይደሉ የላኩኝ?»

«የላክሁሽ አታገኚም ብዬ ነው።»

ጃኬት ለባሹ ከጀርባዋ ደረሰ። መሮጫ የለም። የምትደውልለትም የለም፤ ያላት የመሥሪያ ቤቱ ቁጥር የመንበሩ ብቻ ነው።

ክዳኑን ፈታች።

ጠጣችው።

እስከ መጨረሻው።

«በል፣ አሁን ድፋው!» አለችው። አንቱታው ቀረ።

ከዚያ ጮኸች። «መርዝ ነው! ወንዛችሁን የመረዘው ይኸ ሰውዬ ነው!» ገበያተኛው ግልብጥ ብሎ ከበባቸው። የመንበሩ እጅ ከኮቱ ሳይወጣ ቀረ። አይናለም ሕዝቡን እየገፈተረች ስትደርስ ሰገነት ተንበርክካ ነበር።

«ምን ጠጣሽ? ሰገነት፣ ምን ጠጣሽ?»

«የኛን ወንዝ… ደሜን ራስሽ አዲስ አበባ ወስደሽ አስመርምሪ። ለማንም እንዳትሰጪ።»

አይናለም እንዳለቻት አደረገች። ደሙ መሰከረ። በርሜሎቹ ከመንበሩ ወንድም መጋዘን ተገኙ፤ መንበሩም በካቴና ተወሰደ። በጨሞጋ ዳር ላሉ ቀበሌዎች ውሃ በቦቴ መጣ።

የሰገነት እግሮች ግን እንደ ቀድሞው አልሆኑም። ጣቶቿ ብዕር አይጨብጡም። በሽፋንነት የጀመረችውና ውሎ አድሮ ከልቧ የወደደችው ጥናት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቆመ፤ ማንነቷ ስለተጋለጠ መሥሪያ ቤቷ ሰገነት የምትባል ተማሪ ከእንግዲህ እንድትኖር አልፈለገም። አይናለም ብርቱካን ይዛ ልትጠይቃት ሆስፒታል ስትሄድ አልጋው ተነጥፎ፣ ባዶ ሆኖ አገኘችው።

በዚያው ሰዓት አንዲት ሴት በብብቷ ክራንች ተደግፋ መናኸሪያ ተሰልፋለች።

«ስም?» አለ ትኬት ቆራጩ።

የተሰጣትን አዲስ ስም አስታወሰች።

«ወለተ ኢየሱስ።»

ጻፈው። ቀና ብሎም አላያት።