መርዶው እስኪነገር

በ2006 ዓ.ም. በሰኔ መጀመሪያ፣ ዝናብ ሲያካፋ ባደረበት ቅዳሜ ማለዳ፣ እንጅባራ መናኸሪያ ጀርባ ባለችው አንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ። አባትየው አቶ አድማሴ መደቡ ላይ በአንድ ጎናቸው ጋደም ብለዋል። እናትየው ወይዘሮ የሻረግ አልጋ ከያዙ ሁለተኛ ወራቸው ነው። የሃያ ሁለት ዓመቷ ዮዲት የእናቷን ያበጡ እግሮች በለብ ያለ ውኃ ታጥባለች። የአሥራ ስምንት ዓመቱ ብሥራት ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ የሸራ ጫማውን ጭቃ በእንጨት ይፍቃል። አራቱም በአንድ ጣሪያ ሥር አብረው የተገኙበት የመጨረሻው ጠዋት እንደሆነ ከመካከላቸው ያወቀ አልነበረም!

ይህ ቤት እንዲህ አልነበረም። አቶ አድማሴ በጥር የፈረሰኞች በዓል ላይ ስማቸው ሲጠራ ሜዳው በእልልታ የሚናጥላቸው ሰው ነበሩ። ዳማ ፈረሳቸውን ሲያስጋልቡ ሕፃናት ከኋላቸው ይሮጡ ነበር። ታዲያ በአንዱ ዓመት ፈረሱ አዳልጦት ወደቀ፤ እርሳቸውም ከሥሩ ሆኑ። የዳሌያቸው አጥንት ዳግመኛ አልገጠመም። ዳማው ለሕክምና ተሸጠ፣ መሬቱ ለእኩል አራሽ ተሰጠ። ወይዘሮ የሻረግ ገበያ ላይ ድንች እየቸረቸሩ ቤቱን ተሸከሙት። ሰው ስንት ዓመት ቤት ይሸከማል? ልባቸው ደከመ፤ እግራቸው አበጠ፤ እርሳቸውም በተራቸው ወደቁ። ብሥራት ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ትቶ አይሱዙ መኪና ላይ የከሰል ጆንያ ጫኝ ሆነ።

አንድ ነገር ግን ነበረው። ማታ ማታ የመጨረሻው መኪና ተጭኖ ሲሄድ፣ ፊታቸው በከሰል የጠቆረ የመናኸሪያው ልጆች ስልክ በሚጠግነው በመሳፍንት ሱቅ በር ላይ ይሰበሰባሉ። መሳፍንት ትልቁን ድምፅ ማጉያ ወደ መንገዱ ያዞረዋል። ያን ጊዜ ድካሙ የት ይገባ እንደነበር እንጃ! ትከሻው ይረግፋል፣ አንገቱ ይሰበቃል፣ ጭቃው ይረጫል፤ ባጃጆች ቆመው መብራታቸውን ያበሩላቸዋል። ብሥራትና ዮዲት ፊት ለፊት የሚጨፍሩት አንድ ጭፈራ ነበራቸው። ብሥራት እንደ አባቱ ዳማ አንገቱን ሰብሮ፣ ፊት እግሩን አንስቶ፣ መሬቱን እየደበደበ ይመጣል፤ ዮዲት ደግሞ ልጓም እንደያዘ ሰው እጇን ዘርግታ፣ ትከሻዋን እያርገፈገፈች ትቀበለዋለች። ያለ እርሷ አይጨፍረውም። እርሷን የሚጠራትም በስሟ አይደለም፤ «እታለም» ነው የሚላት።

በዚያ ቅዳሜ ከባሕር ዳር የመጡ ሰዎች ለአንድ የባህል ቡድን ተወዛዋዥ ሊመርጡ ዳንግላ ገበያ ላይ ነበሩ።

«አባ፣ እኛ እንሂድ» አለ ብሥራት።

«የት? ልትንቀጠቀጡ?» አሉ አቶ አድማሴ። «ሰው ምን እንደሚል ታውቃለህ? የአድማሴ ልጆች መንገድ ላይ ትከሻቸውን ያራግፋሉ አሉ! እኔ በፈረስ ላይ ሆኜ እጅ እየተነሣኝ የኖርሁ ሰው...»

«ፈረሱማ የት አለ አባ?»

አቶ አድማሴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ከሰኞ ጀምሮ ለሰሊጥ አረም ወደ መተማ መኪና ይወርዳል። ወይ እሱ ላይ ትሳፈራለህ፣ ወይ ይህን ቤት ትለቃለህ» አሉ።

ወይዘሮ የሻረግ የዮዲትን እጅ ሳብ አደረጉ። ሲከፋቸው አገውኛ ይቀናቸዋል፤ በዚያ ቀን ግን ቃል በቃል እንዲገባት ፈልገው ይሁን፣ በአማርኛ ቀስ ብለው ነገሯት። «ዮዲቴ፣ ይህን ልጅ ከዚህ አውጪልኝ። መተማ የወረደ ሁሉ አይመለስም። አውጪልኝ... ሌላ ምንም አልልሽም።»

«አወጣዋለሁ እምዬ። ማታ ስንመለስ ደግሞ ጭፈራችንን እዚሁ አልጋሽ ሥር እናሳይሻለን።»

ወይዘሮ የሻረግ ፈገግ አሉ። «በሩን ዝጉ ታዲያ፤ ድንች የገዙኝ ሴቶች እንዳያዩ። ሥራ ሲሆን አልጋ ላይ፣ ጭፈራ ሲሆን ተነሣች እንዳይሉኝ!»

ልጆቻቸው ሲጨፍሩ አንድም ቀን አይተው አያውቁም ነበር።

ዳንግላ ገበያው ጭቃ ቢሆንም ሰው እንደ ጉድ ነበር። የእነ ዮዲት ተራ ከቀትር በኋላ እንደሆነ ተነገራቸው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ዮዲት የያዘችው ስልክ ጠራ። አጎታቸው አየነው ነበር።

«ዮዲት፣ እናትሽ ትንሽ ደክማለች። ብሥራትን ይዘሽ አሁኑኑ ነይ።»

ከአጎቷ ድምፅ ኋላ ሌላ ድምፅ ነበር። የሴቶች ለቅሶ! በአገውኛ ሙሾ የምታወርድ ሴት ድምፅ፣ በመካከሉም የእናቷ ስም...

«ጋሼ... የሚለቀሰው ለማን ነው?»

«ነይ ብቻ ልጄ። ወንድምሽን ይዘሽ ነይ።» ስልኩ ተዘጋ።

አወቀች። እንዴት አታውቅ? በዚህ አገር ሞት በስልክ አይነገርም፤ በገበያ መሐል አይነገርም። መርዶ በጠዋት ነው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ራሷን ስታ የምትወድቀውን የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚያውቀው ሁሉ አንጀቱን አስሮ እንደማያውቅ ይሆናል። ዮዲት የአንድ ድንኳን ምሰሶ ይዛ ቆመች። ልትጮህ አፏን ከፈተች። ግን ወንድሟን አየችው። አብረዋቸው ከመጡት የመናኸሪያው ልጆች መሐል ቆሞ እየሳቀ ጫማውን ያጠብቃል። አሁን ብትነግረው ጭፈራው ቀረ፤ ጭፈራው ከቀረ ሰኞ መተማ ነው። «አውጪልኝ» ያለችው ያቺ አፍ ተዘግታለች፤ ቃሏን ማን ይፈጽምላት? ደግሞስ መርዶ ነጋሪዋ እኔ ነኝ ወይ? አለች ለራሷ። ጋሼ ያለኝ «ደክማለች» ነው። በዚህ ዝናብ ቀብሩ ነገ ይሆናል። ነገ በጠዋት ሽማግሌዎቹ ይነግሩታል... እንዲህ እያለች የአገሩን ወግ መሸሸጊያ አደረገችው። ከዚያች ደቂቃ ወዲያ መውጫ አልነበራትም።

«ማን ነው የደወለ?» አለ ብሥራት።

«ጋሼ አየነው። በርቱ ብሏል።»

«ጋሼ? በርቱ? ዛሬ ዝናብ ሳይሆን በረዶ ነው የሚጥል!» ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። ዮዲትም አብራ ሳቀች።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀትር ድረስ ያለውን ጊዜ እንዴት አለፈችው? በሰው ተከብባ፣ ሙዚቃ ጆሮዋ ላይ እየጮኸ፣ ሰው «ጎሽ!» እያላት፣ እናቷን ብቻዋን በሆዷ ገነዘቻት። ተራቸው ደረሰ። ብሥራት አንገቱን ሰብሮ ፊት እግሩን አነሣ። እርሷ ልጓሟን ዘረጋች፤ ትከሻዋ ግን አልታዘዝ አላት። እየጨፈረ ተጠጋትና በጆሮዋ፦

«ሳቂ እንጂ እታለም! ፊትሽ ለቅሶ ቤት መሰለኮ!»

ሳቀች። ትከሻዋ ረገፈ። እንደዚያ ቀን ጨፍራ አታውቅም። ሌላ ሰው ፀጉሩን ነጭቶ፣ ደረቱን ደቅቶ የሚያወጣውን ሐዘን እርሷ በትከሻዋ አወጣችው። ተመልካቹ ግን ደስታ መሰለው፤ አጨበጨበ፤ አንዱ በስልኩ ቀረጻት። ሲጨርሱ ከባሕር ዳር የመጡት ሰዎች ብሥራትን ጠርተው እጁን ጨበጡት። ተመርጧል! ከሁለት ሳምንት በኋላ ባሕር ዳር እንዲመጣ ነገሩት። ብሥራት እህቱን ከመሬት አንስቶ አሽከረከራት። እርሷም አንገቱ ውስጥ ፊቷን ደብቃ ያን ጊዜ ብቻ አለቀሰች። በደስታ ነው ብሎ አሰበ።

እንጅባራ ሲደርሱ ሊመሽ ነበር። የተሳፈሩበት ባጃጅ ወደ ሰፈራቸው ሲታጠፍ ከአጥራቸው በላይ የድንኳን ጫፍ ታየ።

«ድንኳኑ የማን ቤት ነው?» አለ ብሥራት። ባለ ባጃጁ ፍጥነቱን ቀነሰ። ብሥራት ባጃጁ ሳይቆም ዘልሎ ወረደ።

ቀብሩ አልቋል! ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ እጁን ታጥቦ ተቀምጧል። ብሥራት «እምዬ!» እያለ ከነአዲሱ ደስታው ጭቃው ላይ ተደፋ። አጎቱ አየነው ግን ዐይኑን ከዮዲት ላይ አላነሣም።

«ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው የደወልሁልሽ! አባትሽ ልጆቼ ይድረሱ እያለ ካህናቱን በዚያ ደካማ አቅሙ ሲለምን ዋለ። እስከ አሥር ሰዓት አስከሬኗን አቆየነው። የት ነበርሽ?»

ብሥራት ከጭቃው ቀና አለ። «አውቀሽ ነበር?»

ጭቃው ላይ አጠገቡ ተንበረከከች።

«እታለም፣ አውቀሽ ነበር?»

«እምዬ ናት... አውጪልኝ ያለችኝ...»

«አውቀሽ ጨፈርሽ። እኔንም አስጨፈርሽኝ። ሳቂ ስልሽ ሳቅሽ!» ድምፁ ጩኸት አልነበረም፤ ቢጮህ በተሻላት። «እናቴ ስትቀበር እኔ በእግሬ መሬት ስደበድብ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም።»

የሦስተኛው ቀን ጸሎት እንዳለቀ የመተማው መኪና መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ነበር። ብሥራት ባሕር ዳርን ጥሎ እርሱ ላይ ወጣ። ያን ጊዜ በዱላ እየተደገፉ፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ የመጡት አቶ አድማሴ ነበሩ። «ልጄ ተው! ተው ውረድ! ባሕር ዳር ሂድ... ጨፍር! በመንገድ ላይም ቢሆን ጨፍር፣ እኔ ቆሜ አጨበጭባለሁ!» አሉ። ሰው ሁሉ አለቀሰ። ብሥራት ዞሮ አላየም። ኩራተኛው ፈረሰኛ መኪናው የረጨው ጭቃ ፊታቸው ላይ እንዳለ ቆመው ቀሩ።

ከዚያ ወዲያ የዮዲት ኑሮ ምን ኑሮ ነበር? ዳንግላ ላይ የተቀረጸው ጭፈራ ከስልክ ወደ ስልክ ሄደ። የእናቷን የድንች ቦታ ይዛ ስትቀመጥ ሴቶች ይጠቃቀሳሉ። «እናቷ ሳትቀበር የጨፈረችው ይህች ናት።» አንዳንዷ ድምፅዋን እንኳ አትቀንስም። ወዴት ትሂድ? አባቷን ለማን ትታ? ከገበያ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ገበያ ስትሄድ በመናኸሪያው በኩል ማለፍ ግድ ነበር፤ ሙዚቃው ሲመጣ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ትጠመጥማለች። ሙት ዓመቱ ወጣ፤ ብሥራት አልመጣም። ጥቁሯን አወለቀች፤ ግን ምን ልዩነት አመጣ?

በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሲጠባ ግን መሳፍንት ከሱቁ ወጥቶ ሮጠባት። «ዮዲት! ብሥራት ደውሎ ነበር! ለመስቀል እመጣለሁ ብሏል። 'ለእታለም ንገራት፣ የፈረሱን ጭፈራ እንዳትረሳው' ነው ያለኝ!»

«ምን አለ? ድገምልኝ።»

«ለእታለም ንገራት...»

«እታለም አለ?»

«በእናቴ! እታለም አለ።»

ድንቹን እዚያው ትታ ወደ አባቷ ሮጠች። በዚያ ሳምንት ቤቱን ቀባች፣ የብሥራትን ብርድ ልብስ አጠበች። አቶ አድማሴም ጢማቸውን ተላጩ። መስከረም 13 ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ መናኸሪያው ወረደች። ልጆቹ ሱቁ በር ላይ ተሰብስበዋል፤ ስታያቸው ሁሉም አቀርቅረዋል።

«ምን ሆናችሁ? መሳፍንት፣ በል ክፈተው! እግሬ ረስቶታል፤ ሲመጣ ሊስቅብኝ ነው።»

መሳፍንት አልተንቀሳቀሰም።

«ዛሬም 'የጨፈረችው' ልትሉኝ ነው? ተዉኝ እንጂ፤ ወንድሜ ታርቆኛልኮ!»

መሳፍንት ከፈተው። ዮዲት ነጠላዋን አገልድማ ልጓሟን ዘረጋች፤ በፊቷ የሌለውን ፈረስ እየተቀበለች ከዓመት በላይ የታሰረ ትከሻዋን ለቀቀችው። ስትስቅ ጥርሷ ሁሉ ይታይ ነበር። ከልጆቹ ግን አንድም ያጨበጨበ የለም። መሳፍንት ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ፣ እጁን በጥርሱ ነክሶ ነበር። ሙዚቃውን ቢያጠፋው ትነቃበታለች፤ ባያጠፋው... አቤት! የዚያን ቀን ጠዋት ከመተማ ለአየነው ተደውሎ ነበር። ብሥራት ወባ ታሞ፣ ሳምንት ሳይሞላው ሞቶ፣ እዚያው ተቀብሯል። አየነውም ልጆቹን ሰብስቦ «ከመንገድ እንዳትሰማ፤ በጠዋት እኛ እንነግራታለን» ብሏቸዋል። ትናንት እርሷ የተሸሸገችበት ወግ ዛሬ እርሷኑ ከበባት። ማን ክፉ ነበር? ማንም! እናት ልጇን ልታድን፣ እህት የእናቷን ቃል ልትፈጽም፣ ጓደኞች ልቧን ሊጠብቁ... ሁሉም በፍቅር ያደረገው ነው። ዕጣ ግን ከፍቅራቸው ገመድ ፈትላ አንዱን ቤት አሰረችበት።

በማግስቱ፣ መስከረም 14 ቀን፣ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ዮዲት ስትከፍት አጎቷ አየነው፣ ሦስት ሽማግሌዎችና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች ቆመዋል። ሁለት ሴቶች ቀድመው ገብተው ክንዶቿን ያዙ። ከመናገራቸው በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ትናንት ስጨፍር... ታውቁ ነበር?»

አየነው አንገቱን ደፋ።

ለመስቀል መናኸሪያው ላይ ጭፈራ አልነበረም። አቶ አድማሴ በዚያው ዓመት በጥር አረፉ። ዮዲት እስከ ዛሬ እዚያው ቤት ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ድንች ትሸጣለች።